«ጉዳት» ብዬ የጻፍኩት

«ጉዳት አይደለም ልጄ። እጄ ነው።»

ዛሬ ጭድ ተራ አጠገብ፣ ሊፈርስ ሁለት ቀን በቀረው ሱቃቸው ውስጥ ጋሼ ሸምሱ እንዲህ አሉኝ።

ሥራዬ ሙዚየም ውስጥ ዕቃ መንከባከብ ነው። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ የለኩበትን የእንጨት ሜትር ለሙዚየሙ ስለሰጡ ልረከበው ሄጄ ነበር።

እንደ ልማዴ ቅጹን ስሞላ፣ «ጉዳት» በሚለው ቦታ «መሃሉ ተበልቷል» ብዬ ጻፍኩ። ለካ መነጽራቸውን አድርገው ከኋላዬ ያነባሉ! (ቅጻችንን ከልቡ ያነበበ የመጀመሪያው ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም፤ አለቃዬን ጨምሮ።)

«እስቲ ለመጨረሻ ጊዜ ልያዘው» አሉ። ደንብ ነውና ጓንት ሰጠኋቸው። አጠለቁና ያዙት።

«በዚህ አይሰማኝም።»

ጓንቱን አወለቅኩላቸው። አውራ ጣታቸው እዚያች የተበላች ቦታ ላይ ልክክ አለ። ባዶውን መደርደሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩት። ጨርቅ የለም፣ ገዢ የለም፤ ሲጨርሱ ግን እንደ ድሯቸው አንድ ስንዝር መረቁ።

«ሙዚየም ስመጣ ታስነኪኛለሽ?»

መስታወት ውስጥ እንደሚገባ ሳልነግራቸው ሜትሩን ጠቀለልኩ።

ቢሮ ስመለስ «ጉዳት» የሚለውን ሰርዤ «የባለቤቱ እጅ» ብዬ ጻፍኩ።

እናንተስ ቤት የማን እጅ አሻራ የቀረበት ዕቃ አለ? ሳታጥቡት ንገሩኝ።