የአመዱ «አይዞህ»

ጓደኞቹ «ጉሮሮ» ይሉታል። ሥራው የውጭ ፊልሞች ላይ በእኛ ቋንቋ ድምፅ መስጠት ነው። ግድግዳዋ ስፖንጅ በተለበጠች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው አፉን ሲከፍት እሱም ይከፍታል። ፊቱን ማንም አያውቀውም፤ ድምፁን ግን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።

ያሳወቀው አመዱ ነው። አመዱ ማለት ሰማይ ለሰማይ በሚበርረው ጀግና ፊልም ውስጥ ከተማ የሚያቃጥለው ክፉ ሰውዬ ነው። ጉሮሮ ለዚህ ጉደኛ ድምፅ ሲፈልግ፣ ቢያጓራ አልሆነ፣ ቢያንሾካሹክ አልሆነ። ጨነቀውና የአባቱን ድምፅ አወጣ። አባቱ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዘበኛ ናቸው። የወደቀ ልጅ ሲያነሱ፣ ያዘነ ሰው ሲያዩ፣ ትንሽ ሳል ይቀድማቸውና በወለቀው ጥርሳቸው በኩል እያፏጩ «አይዞ...ህ» ይላሉ። አመዱም ሰው ሊገድል ሲል ልክ እንደዚያው ሳል ብሎ «አይዞ...ህ» አለ። አቤት ሕዝቡ ሲስቅ! ልጆች እንኳ መንገድ ላይ ሊደባደቡ ሲሉ በዚያ ድምፅ «አይዞህ» መባባል ጀመሩ።

በፊልሙ መጨረሻ አመዱ እሳት ውስጥ ወድቆ ሞተ። ጉሮሮም «እፎይ፣ ተገላገልኩ» አለ። ምን ዋጋ አለው! ክፍል ሁለት መጣና አመዱ ከነሳሉ ተነሣ። ይባስ ብሎ በዚያው ሰሞን አባቱ ጉልበታቸውን ሊታከሙ እሱ ቤት መጡ።

«እባክህ ድምፁን ልቀይረው» ብሎ አለቃውን ለመነ።

«አብደሃል? ሰው የሚመጣው ለእሷ ለ‹አይዞህ› ነው! እንዲያውም ጨምርባት።»

ጨመረባት። እንጀራዬ ነው ብሎ ራሱን ሸነገለ። ውሸቱን ነው፤ ጭብጨባውም ጥሞት ነበር።

ሚስቱ ገና ድሮ ነቅታበታለች። «ሰው ሳይነግራቸው አንተው ንገራቸው» አለችው። ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እያለ ሲያንገራግር፣ አባትየው «የልጄን ሥራ ሳላይማ አልሄድም!» ብለው ኮታቸውን ለበሱ።

ሲኒማ ቤቱ ጢም ብሏል። አመዱ ሳል ባለ ቁጥር አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። ጉሮሮ ፊቱ በርበሬ መስሎ ወንበሩ ውስጥ ተሸጎጠ፤ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አባቱን ሰረቅ አድርጎ ቢያያቸው፣ እሳቸውም በመሐረብ እንባቸውን እየጠረጉ ይንከተከታሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እውነት ኖሯል።

ሲወጡ ክንዱን ያዙት።

«እኔ ልሙት፣ ጎበዝ ነህ! ግን ዝም ብለህ የፈጠርከው አይመስልም። የማንን ድምፅ ነው የወሰድከው?»

«የአንድ ሽማግሌ ነው፣ አባዬ።»

«ክፉ ሰው ነው?»

«ኧረ! ደግ ነው። በጣም ደግ።»

አባትየው ቆም አሉ። ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ።

«ልጅ አለው?»

«አንድ አለው።»

«እንግዲያ እሱ እንዳይሰማብህ፣ ልጄ። ያ ሁሉ ሕዝብ በአባትህ ላይ ሲስቅ አንተስ ብትሆን ትችለው ነበር?»

መልስ እስኪሰጣቸው አልጠበቁም። «አትችለውም፤ አውቅሃለሁ» አሉና ክንዱን እንደያዙ መንገዱን ተሻገሩ።