ስግደት የሌለባቸው ሃምሳ ቀናት

ዛሬም ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ከምኖርበት ግቢ ጀርባ እንጨት ሲፈለጥ፣ ያ ደረቅ ድምፅ ጆሮዬ ሲገባ፣ እጄ ላይ ያለውን ሁሉ አስቀምጬ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ልጆቼም «እማዬ ደግሞ ሰዓቷ ቆመ» እያሉ ይስቁብኛል። አይፈረድባቸውም፤ አባቴን በጉልበቱ ዘመን አላዩትም።

ልጅ ሳለሁ እኛ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ነበር የምንኖረው። አባዬ ፒያሳ፣ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር፤ ቁጣው ግን ምንም ሜትር የማይበቃው ነበር፤ ሲጮህ የጎረቤት ዶሮ ያለ ቀኗ እንቁላል ትጥል ነበር። በዐቢይ ጾም ብቻ ሌላ ሰው ይሆናል። የነፍስ አባታችን ንስሐውን ተቀብለው ስግደት ያዙታል፣ እሱም ቁጣው በተነሣበት ቁጥር ጥግ ይዞ፣ ግንባሩ ምንጣፉን እስኪበሳው እየወደቀ እየተነሣ፣ ሃምሳ አምስቱን ቀን በግ ሆኖ ይጨርስ ነበር። የሰው ልጅ ፋሲካ እስኪደርስ ቀን ሲቆጥር፣ እኛ ጾሙ ትንሽ እንዲረዝም እንለምን ነበር፤ አባዬ ጾሙን በፈታ በሳልስቱ ዱላውም ይፈታ ነበርና።

ስምንት ዓመት በሆነኝ ፋሲካ ታላቅ ወንድሜን ይርጋን ጆሮው እስኪደማ መታው፤ ይርጋም በማግስቱ ጭልጋ፣ አክስታችን ዘንድ ኮበለለ። ዓመት ሞልቶ ለበዓል ሲመለስ ቦርሳውን ሳይፈታ በሩ ሥር አስቀመጠው። እማዬ አባዬን በፊታችን፣ «እጅህ አንዴ ካረፈበት፣ እኔም ልጆቼን ይዤ ጭልጋ ነኝ» አለችው።

የፋሲካ ዕለት የነፍስ አባታችን ማዕዱን ሊባርኩ ሲመጡ፣ አባዬ ጉልበታቸውን ስሞ፣ «አባ፣ እንግዲህ ስግደቴን ልቀጥል» አላቸው።

«በሃምሳው ስግደት የለም፤ የትንሣኤ ደስታ ነው።»

«ምነው አባ፣ ሃምሳ ቀን ሙሉ እኔን ለማን ይተዉኛል?»

አባ ዳቦውን ቆርሰው ሰጡት። «እስካሁን የሰገደው ጉልበትህ ነው፤ ልብህ ገና ወገቡን አላጎነበሰም። ለጊዜው ቁጣህ ሲነሣብህ ውጣና እንጨት ፍለጥ።»

ፈለጠ። ወተት ሲደፋ ወጥቶ ይፈልጣል፣ መርፌ ሲጠፋ ወጥቶ ይፈልጣል፤ የዚያ ሰሞን እንጨት ጎንደርን ሁለት ክረምት ባሞቀ ነበር። እኛም ውስጥ ትንፋሻችንን ይዘን፣ እማዬ ቀኑን፣ እኔ የመጥረቢያውን ምት ስንቆጥር አራተኛው ሳምንት ደረሰ።

ቅዳሜ ጧት ይርጋ፣ አባዬ ከሱቅ ወደ ቤት ያመጣውን የሙሽራ ኮት በከሰል ካውያ ሲተኩስ የኮቱን ጀርባ አቃጠለው። አባዬ የእንጨት ሜትሩን አንሥቶ ትከሻው ላይ መታው። አንዴ ብቻ። ይርጋ ቦርሳውን አነሣ። እማዬም ነጠላዋን ለብሳ ጫማዬን ወረወረችልኝ። አባዬ ወጣ፤ የመጥረቢያ ድምፅ ግን አልመጣም።

«አይፈልጥም እንዴ?» አልሁ።

«ዝም በይና ጫማሽን አጥልቂ» አለችኝ እማዬ።

ሜትሩን እንደያዘ ተመልሶ ሲገባ ይርጋ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። አባዬ ሜትሩን ይርጋ እግር ሥር አኑሮ፣ ራሱም ተንበረከከ። በጎንደር ምድር አባት ለልጁ ሲንበረከክ ማን አይቶ!

«በደልሁህ» አለው። «ዛሬም፣ አምናም፣ ከዚያ በፊትም። ይቅር በለኝ።»

«ኧረ ተነሣ አባዬ፣ ሰው ያይሃል።»

«ይየኛ። ይቅር ሳትለኝ አልነሣም።»

የእማዬ እጅ በሩ ላይ ቀረ። እኔ ዱላውን እንኳ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ ይርጋ እንቢ ቢልስ? ይርጋ ኮቱን አየ፣ እማዬን አየ፣ ከዚያም «እግዜር ይቅር ይበልህ» አለና ቦርሳውን ጓዳ አስገባው።

ጰራቅሊጦስ አልፎ ጾመ ሐዋርያት ገባ፣ ስግደቱም ተፈቀደ፣ ክረምቱም ከበደ። የአባዬ ቁጣ ሞተ ብል ውሸት ነው። ዳግመኛ ግን እጁን አላነሣብንም፤ በጮኸም ቁጥር የጮኸበትን ሰው ይፈልግ ነበር። አንድ ቀን የሰደበውን ጋሪ ነጂ ፍለጋ በዝናብ ከተማውን ዞሮ፣ ሦስት የማያውቃቸውን ጋሪ ነጂዎች ይቅርታ ጠይቆ ተመለሰ፤ «ከሦስቱ አንዱ ሳይሆን አይቀርም» አለን፣ ውኃው ከኮፍያው እየተንጠባጠበ። እስኪሞት እንዲሁ ነበር።

እኔ ልጆቼን መትቼ አላውቅም። እጄ ለስላሳ ነው፣ አፌ ግን አያርፍም፤ ስበድላቸው ቀልድ ጣል አደርጋለሁ፣ ይስቃሉ፣ ነገሩም ያለፈ ይመስለኛል። ትናንት ትንሿ ልጄን እንግዳ ፊት አሳቅሁባት፤ እሷ ብቻ ሳትስቅ ተነሥታ ሄደች። አባዬ ከግቢ እስከ ይርጋ እግር የሄደው ዐሥር እርምጃ ቢሆን ነው። እኔ ከጧት ጀምሮ ክፍሏ በር እየደረስሁ እመለሳለሁ።