የእድራችን እሺታ

በእኛ አገር «እሺ» ማለት «ሰማሁህ» ማለት ነው እንጂ «ተስማማሁ» ማለት አይደለም። ልጅ አባቱን እሺ ይላል፣ ምራት አማቷን እሺ ትላለች፣ ገበሬው ከከተማ የመጣውን ሠራተኛ እሺ ይላል፤ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ገብቶ ያሻውን ይሠራል። ትልቅ ሰውን ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ነውር ስለሆነ የተገኘች ቃል ናት። በቤት ውስጥ አልነቅፋትም፤ ስንቱን ጠብ አብርዳለች። ስብሰባ መሀል ስትገባ ግን ምን እንደምትሠራ በእድራችን አይቻለሁና እሱን ልጻፍ። ዳዊት ከመድገም ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ጽሕፈቴም እንደ አካሄዴ ዝግ ያለ ነው።

የምኖረው ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እድራችን የሚሰበሰበው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ካለው ወይራ ጥላ ነው። ድሮ ከዚያ ጥላ ሥር የሚወጣው ድምፅ እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ የጎረቤቴ ድምፅ ነው። ጎረቤቴ በግ ነጋዴ ነው፤ እብናት ገበያ እየወረደ ይገዛል፣ እዚህ ያመጣል። ንግግሩን የሚጀምረው ሁልጊዜ «የለም፣ የለም» ብሎ ነው። «ዛሬ ቀኑ ጥሩ ነው» ብትለው እንኳ «የለም፣ ከሰዓት ይዘንባል» ይልሃል።

ትክክል ነበር ወይ ለሚለኝ፣ ሁልጊዜማ አልነበረም። የእድሩን ድንኳን የገዛን ጊዜ፣ ምሰሶው ብረት ይሁን ሲባል «የለም! ብረት መብረቅ ይጠራል፤ ለቀስተኛውን በለቅሶ ላይ ልትጨርሱት ነው?» ብሎ ግማሽ ቀን አስጮኸን። ተሸነፈ፤ ብረት ተገዛ። በየለቅሶው «የታለ መብረቅህ?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። «ታገሡ፣ መንገድ ላይ ነው» ይላል። ነገር ግን በዚያ ጩኸት መሀል ነው አንዱ ተነሥቶ «መብረቁስ ይቅር፤ ይህን ረጅም ብረት አቀበት ለአቀበት ማን ይሸከመዋል?» ያለው፤ ተቆርጦ የሚገጣጠም ምሰሶ ያሠራነውም በዚያ ምክንያት ነው። ጎረቤቴ ባይሳሳት ኖሮ ማንም አያስበውም ነበር።

ከዚያ አዲሱ ሊቀመንበር መጣ። መሥሪያ ቤት ሲያገለግል ኖሮ በጡረታ ወደ ቀዬው የተመለሰ፣ ልብሱ የማይጨማደድ፣ ሰላምታው የማይጎድል ሰው ነው። ክፉ አይደለም። ይዞብን የመጣው «በአንድ ድምፅ» የምትል ነገር ነው። ሐሳቡን ይናገራል፤ «ተቃውሞ አለ?» ይላል፤ ዐይኑን በሰዉ ላይ ያዞራል፤ ሰው ሁሉ አፈሩን ያያል። «ስለዚህ በአንድ ድምፅ ጸድቋል፤ እናጨብጭብ!» እኛ እጃችንን የምናማታው ለመዝሙር ነበር። አሁን ለምጣድ ግዢም፣ ለአጥር ጥገናም፣ ለምኑም ማጨብጨብ ሆነ። ስብሰባው ቶሎ ስለሚያልቅ ሰዉ ወደደው። በአንድ ልብ ሆንን ተባለ። አንድ ልብ! ከወይራው ሥር ተነሥተው ከመንገዱ ሳይደርሱ ወሬያቸውን ብትሰማ!

«ምን ይላል ይሄ ሰውዬ ዛሬ?»

«ኧረ ተወኝ፣ ምኑን አውቄለት።»

«ታዲያ ለምን እሺ አልህ?»

«አንተስ ስታጨበጭብ አልነበር?»

«እኔማ እጄ በርዶኝ ነው።»

ይህ ነበር አንድ ልባችን።

አንድ ቀን እንዲያውም ስለ ውይይት የምታሠለጥን ወጣት ከከተማ መጣች። ትልቅ ወረቀት በእንጨት ላይ ሰቀለች። ትሕትናዋ ደስ ይላል። «በስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ካለ፣ የተደበቀ ነገር አለ ማለት ነው። የሐሳብ ግጭት ለቡድን ጤና ነው» አለችና ዞር ብላ «በዚህ ትስማማላችሁ?» ብላ ጠየቀች።

«እንስማማለን!» አለ ሕዝቡ።

«የማይስማማ የለም?»

«የለም!»

«የለም፣ አለ» አለ ጎረቤቴ ከኋላ። «እኔ አልስማማም፣ ልጄ። ሁልጊዜ ጤና አይደለም። ሁለት ወንድሞቼ በድንበር ተጋጭተው ይኸው እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። እሱ ምን ጤና አለው?»

ልጅቱ ዐይኗ በራ። «በጣም ጥሩ! እስቲ ይቀጥሉ» ከማለቷ ሊቀመንበሩ የጎረቤቴን ጋቢ ጎተተው። «አንተ ሰው፣ በእንግዳ ፊት አታዋርደን! አለመስማማት ጥሩ ነው እያለችህ ምን ያጨቃጭቅሃል?» ወዲያው ለእሷ ምስጋና አቀረበና አስጨበጨበ። ልጅቱ ፊቷን በያዘችው ወረቀት ሸፈነች። ሳቅ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ማልቀስም ቢሆን አልፈርድባትም።

ከዚያ የጥሩምባው ነገር መጣ። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጎሕ ሲቀድ ጉብታው ላይ ወጥቶ ይነፋና የማን ቤት እንደሆነ ይጣራል። ሊቀመንበሩ ይህ ይቅር አለ። ዘመኑ የስልክ ነው፤ መልእክት ይላካል፤ ጥሩምባ ሰው ያስደነግጣል። «ተቃውሞ አለ?»

«የለም፣ የለም» አለ ጎረቤቴ ተነሥቶ። «ስልክ የሌለውስ? ባትሪው ያለቀበትስ? እርሻ ላይ ያለውስ? አሮጊቶቹ ፊደል የት አውቀው ነው መልእክት የሚያነቡት?»

«ሕዝቡን አትከፋፍል!»

«ሕዝቡ መቼ ተናገረና ነው የምከፋፍለው?»

ጸደቀ፤ ተጨበጨበ። ጥሩምባ ነፊውን «ከእንግዲህ አትነፋም» አሉት፤ እጅ ነሥቶ «እሺ» አለ። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ «ለእድሩ አንድነት ሲባል» ጎረቤቴ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ያን ጊዜ ሚስቱ አልጋ ላይ ናት። ሆስፒታል «ከእንግዲህ እቤቷ ትረፍ» ብሎ መልሷታል። ይህን የማያውቅ ከመሀላችን አንድ ሰው አልነበረም። ምርኩዜን ይዤ ተነሣሁ። «ልጆቼ፣ ይቺ ሴት ነገ ከነገ ወዲያ መሞቷ ነው። ባሏን ስትሰርዙ እሷን ማን ይሸከማታል?»

«እውነትዎን ነው አባባ፣ እሺ» አሉኝ። በአክብሮት ደግፈው አስቀመጡኝ፤ አንዱ ነጠላዬን አስተካከለልኝ። ከዚያ ጎረቤቴን በአንድ ድምፅ ሰርዘው አጨበጨቡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የሰደበህ ሰው ቢያንስ የተናገርኸውን ሰምቷል።

በዚያው ዕለት ሳይመሽ ልጠይቃት ገባሁ። ቆዳዋ አጥንቷ ላይ አልቋል፤ አፏ ግን እንደ ድሮው ነው።

«አያ፣ እንኳን መጡልኝ። ይህን ሰውዬ ይምከሩልኝ። እኔን ሊሸከመኝ የቀረው እሱና አህያው ነው። አህያው ደግሞ ያነክሳል።»

«ዝም በይ፣ አንቺ ሴት» አለ ጎረቤቴ።

«ዝም ማለቴ እንደሆነ አይቀር። እኔ በሰው ቤት ለቅሶ ስደርስ፣ ጠላ ስጠምቅ፣ ወጥ ስሠራ ነው የኖርሁ። ቀኔ ሲደርስ እንደ ባዕድ በሁለት ሰው ልወጣ? ሂድና እሺ በላቸው።»

«ያላመንሁበትን?»

«ዕድሜ ልኬን እሺ ስልህ ኖሬ የለ? መቼ ነው ያልኸኝን ያደረግሁት?»

ሳቀ። ሲስቅ ቆይቶ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። ወጥቼ ደጅ ቆየሁ።

እሑድ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ወደ ወይራው መጣ፤ እኔም አብሬው ሄድሁ። በአገራችን ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚጠይቅ የበደለ ሰው ነው፤ ደም ያፈሰሰ፣ አባቱን የደፈረ። ይህ ሰው በደሉ ምንድን ነው? ስልክ ባትሪው ያልቃል አለ። ሊቀመንበሩ «አውርድ» ከማለቱ በፊት ስለ ፍቅር ተናገረ፣ ስለ መከባበር ተናገረ፣ አባቶቻችን በአንድነት ስለ መኖራቸው ተናገረ። አባቶቻችን! አባቶቻችን በአንድ የበሬ ነገር ሲሟገቱ ክረምት የሚገባባቸው ሰዎች ነበሩ። የጎረቤቴ ጉልበት መንቀጥቀጥ ሲጀምር «ከእንግዲህ በውሳኔያችን እሺ ትላለህ?» ተባለ።

«እሺ» አለ።

ወደ እድሩ መለሱትና አጨበጨቡለት። ድንጋዩን እንኳ ገና አላወረደም።

ሰኔ ገብቶ፣ ጉና በደመና ተሸፍኖ በከረመበት ሰሞን ሚስቱ ሊነጋጋ ሲል ዐረፈች። ሊቀመንበሩ መልእክት ልኬአለሁ አለ፤ ልኳልም። ግን ዝናቡ ሲጥል አድሮ መብራትም ኔትዎርክም አልነበረም። ለቅሶ የደረስነው ዋይታውን የሰማን ቅርብ ጎረቤቶች ብቻ ነን። ጎረቤቴ ደጁ ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል። መንገዱ ላይ ጭቃ እንጂ ሰው የለም። ምንም አላለም። እሺ ብሏላ!

ድንገት ከጉብታው ላይ ጥሩምባው ተነፋ። አንድ ጊዜ፣ ደግሞ፣ ደግሞ። ከዚያ የቤቱን ስም የሚጣራው ድምፅ መጣ። ሰው ሞፈሩን ጥሎ፣ የገበያ ሸክሙን ከመንገድ መልሶ መጣ። ድንኳኑ ተተከለ። ሬሳው ሲወጣ ተሸካሚዎቹ ትከሻ እየተቀባበሉ ተራ አጡ። የሰረዟትም፣ ያጨበጨቡባትም አለቀሱላት፤ ከልባቸው አለቀሱ፣ ይህን አልክድም። ይገርመኛል እንጂ፤ እሺ ብለው ሜዳ ላይ ሊጥሏት ነበር።

ከአርባዋ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ጥሩምባ ነፊውን አስነሣው።

«አትንፋ አላልንህም?»

«ብላችሁኛል።»

«ምን ብለህ መለስህ?»

«እሺ አልሁ።»

«ታዲያ?»

ጥሩምባ ነፊው ግራ ገባው። ከልቡ ነው ግራ የገባው። «ጌታዬ፣ ሁሉም እንደሚለው ነው እኮ ያልሁት።»

ሳቁ ወይራውን ነቀነቀው። ሊቀመንበሩ ፊቱ ቀላ። «ሥርዓት ጥሷልና በሌላ ሰው ይተካ። ተቃውሞ አለ?»

ጎረቤቴ ተነሣ። ጥቁሩን ለብሷል፤ ጺሙ አድጓል። «የለም፣ የለም። እሺ ያልሁት ለእሷ ስል ነበር፤ እሷን በወግ ቀብሬአለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አፌን የሚያስይዘኝ ነገር የለኝም። ዛሬ አጨብጭባችሁ አትሄዱም! አንተ ሰውዬ፣ ጥሩምባው ምን አደረገህ?»

«ዘመናዊ አሠራር ነው ያልሁት …»

«የለም! ምክንያትህን ንገረኝ!»

«የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያጸደቀውን …»

«እኔ አላጸደቅሁም!» አለች ከሴቶቹ በኩል አንዲት ጠላ ሻጭ። «እኔም!» አለ ሌላው። «ዋሾ! እጅህ እስኪቀላ አጨብጭበሃል!» አለው ጎኑ ያለው። ከዚያማ ያ ጥላ እንደ ድሮው ሆነ። የዓመት ዝምታ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ስለ ምጣዱ የሚጮህ አለ፣ ስለ አጥሩ የሚጮህ አለ። አንዱ የማንንም ቃል ሳይሰማ «ልክ ነው!» እያለ ይጮኻል። ሊቀመንበሩ ዝም ለማሰኘት እጁን ሲያወናጭፍ ቆየና ድንገት እሱም ጮኸ።

«የእናቴን ሞት በጥሩምባ ነው የሰማሁ!»

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«ልጅ ሆኜ፣ ከተማ ስማር፣ ለበዓል ስመጣ። ይህንኑ መንገድ ስወጣ ተነፋ። የማን ቤት ነው ብዬ ቆሜ አዳመጥሁ። የእኛን ቤት ጠራ። መርዶ የሚነግረኝ ሽማግሌ የለ፣ ስወድቅ የሚይዘኝ ሰው የለ። ጥሩምባ በሰማሁ ቁጥር እዚያው መንገድ ላይ ነኝ።»

ጎረቤቴ የወረደ ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ። ከዚያ እንደገና ጮኸበት። «ታዲያ ይህን ቀድመህ ብትነግረን ምን ነበረበት? እኔን ድንጋይ ከምታሸክመኝ!»

«ማን ጠየቀኝ?»

«እኔ! እኔ ነኝ የጠየቅሁህ! አትከፋፍል አልኸኝ እንጂ!»

ይህም እውነት ነበር፤ ሊቀመንበሩ አንገቱን አቀረቀረ። ጎረቤቴም ተቀምጦ ጥቂት አሰበና «የመርዶውን ነገር እኔም አላሰብሁትም» አለ፤ ከአፉ እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ስድቡም ሙግቱም ቀጥሎ ነገሩ ተቆረጠ፦ መጀመሪያ ሰው ይላካል፣ ለቅርብ ዘመድ በወጉ መርዶ ይነገራል፤ ከዚያ ጥሩምባው ይነፋል፤ ባሕር ዳርና ጎንደር ላለው ደግሞ ስልክ ይደወላል። ከሁለቱም ሐሳብ የተሻለ ነው። ያለቀውም በአንድ ረፋድ ነው። ይህን ላለማድረግ ነው ዓመት ሙሉ በአንድ ድምፅ ስናጨበጭብ የከረምነው።

ጠብ ሁሉ ጤና ነው አልልም፤ የጎረቤቴ ወንድሞች እስካሁን አይነጋገሩም፤ ድንበራቸው ላይ እሾህ በቅሏል። ነገር ግን ሰው የልቡን ሳያወጣ የተስማማበት ስብሰባ፣ ለእኔ በጎች በአንድ በር ሲገቡ ከማየት አይለይም። በጎች እንኳ በሩ ላይ ይገፋፋሉ።

ስብሰባው ሲበተን ሊቀመንበሩና ጎረቤቴ ከወይራው ሥር ቀርተው ነበር። በገሳይ መንገድ ማዶ ላሉት ቤቶች መርዶ ነጋሪው ማን ይሁን በሚል እንደገና ተያይዘዋል። አንዱ ቄሱ ይሁኑ ይላል፤ ሌላው ቄሱ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ እስኪደርሱ ሬሳው ይቀበራል ይላል። እኔን «አባባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አሉኝ። ወገቤን ስላመመኝ የራሳችሁ ጉዳይ ብያቸው መንገድ ጀመርሁ። ከቤቴ ደርሼ ደጄ ላይ እስክቀመጥ ድረስ ጩኸታቸው ይሰማኝ ነበር።