የእትዬ ማሚቴ ግለ ሂስ

እትዬ ማሚቴ ጉለሌ ውስጥ ከቤት ቤት እየዞሩ ልብስ በማጠብ የሚተዳደሩ ሴት ነበሩ። እሳቸው ያጠቡት ነጭ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲታይ የማያደንቅ አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. ግን ሙሉ የምትባለው የጎረቤታችን ሕፃን የሽንት ጨርቅ በእጃቸው ጠቆረ። በሳሙና ደጋግመው ቢያሹት ባሰበት። ሙሉ ተቆጣች፤ ሌሎቹም ልብስ መስጠት አቆሙ። እሳቸውም ተናደው ሳሙና በሚያድለው የቀበሌው ሱቅ በር ላይ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ሳሙናችሁ ነው!» አሉ።

ያኔ እንዲህ ይባላል እንዴ? ነገሩ «አሻጥር» ተብሎ፣ እሑድ ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ታዘዙ። ሕዝብ ፊት ቆሞ «አጥፍቻለሁ» ማለት ነው።

እልኸኛ ናቸው። የሦስት ሕፃናት ጨርቅ ለምነው በአንድ ሳሙና አጠቡ፤ የጠቆረው የሙሉ ልጅ ጨርቅ ብቻ ሆነ። ያልታጠበውን በጣሳ ይዘው እኔ የምሠራበት ላቦራቶሪ መጡ። ሽንቱን ጨምቄ ሳሙና የሚሠራበትን ሶዳ ጠብ ባደርግበት፣ ዓይናችን እያየ ጠቆረ። ሐኪማችንም አረጋገጡ።

«እትዬ ማሚቴ፣ ከምንበላው፣ ከጡት ወተትም ጭምር፣ ሰውነታችን ውስጥ ቀለበት መሳይ ነገር ይቀራል» አልኳቸው። «ኦክስጅን አስገብቶ ቀለበቱን የሚፈልጥ ሠራተኛ አለን፤ ኢንዛይም ይባላል። ይህ ልጅ የለውም። ስለዚህ ሳይፈለጥ በሽንት ይወጣና አየርና ሳሙና ሲያገኘው ይጠቁራል።»

ፊታቸው በራ። «እኔ አይደለሁማ!» ወዲያው ግን፣ «ከየት አመጣው?» አሉ።

«ከእናት ከአባቱ። በዘር ነው።»

«ስለሺ፣ ልጁ እህቶች አሉት እኮ። ነገ ለጋብቻ ዘር ሲቆጠር ምን ሊባል ነው?» አሉኝ።

እሑድ የምርመራውን ወረቀት በኪሴ ይዤ ሄድኩ። ስማቸው ሲጠራ እኔም ብድግ ልል ስል በዓይናቸው አስቀመጡኝ።

«ጓዶች፣ ሳሙናው ደኅና ነው። ጨርቁን ከጥቁር ልብስ ጋር ዘፍዝፌ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ።»

ተጨበጨበ። ነገሩን አስቀድመን በጆሮዋ የነገርናት ሙሉ አንገቷን ደፍታ ታለቅስ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጨርቁን ራሷ፣ በር ዘግታ ታጥብ ጀመር። ለእትዬ ማሚቴ ግን ልብስ የሚሰጥ ጠፋ፤ ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከሙ አረጁ። ያቺን ወረቀት አለማውጣቴ ዛሬም ያንገበግበኛል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የሳቸው አርባ ዓመት ፈጀ። ልጁ ጎልማሳ ሆኖ፣ ያው ቀለበት ወገቡ ውስጥ ተጠራቅሞ እያሳመመው፣ ሐኪም የነገረውን እንዳስረዳው ቤቴ መጣ። እናቱ ሳትነግረው ነው ያረፈችው። ሁሉንም ነገርኩት።

«ሰፈራችን ልብስ ያበላሸ ሰው ምን እንደሚባል ያውቃሉ?» አለኝ።

አውቃለሁ። «የማሚቴ እጅ» ነው የሚባለው።

«እኔም እል ነበር» አለ። ከዚያም፣ «ታሪኩን ስሜን ሳይደብቁ ይጻፉት» አለኝ።

ጉልላት ይባላል።