ንፋሱ ቀድሞ የመጣበት ምርቃት

መዝገቡ አስኮ ውስጥ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እየጠቀለለ የሚያድር ሰው ነው። ግቢው መሀል፣ ብረት ምሰሶ ላይ፣ በንፋስ መብራት የሚያመነጭ ማሽን ከተከለ አራት ዓመቱ። ማመንጨቱን ለጊዜው እንተወውና መዞሩም ወሬ ነበር። ከሰባራ ሞተሮች የለቀማቸው ማግኔቶች የመሀሉን ብረት ጨምድደው ይይዙታል፤ የአስኮ ንፋስ ደግሞ ፌስታል ከማንሳት ያለፈ አቅም የለውም። እርግቦቹ ግን ማረፊያ አግኝተው ደስ ብሏቸዋል።

ሚስቱ ዘመነች ልብስ ማስጫ አጥታ ስትታገስ ኖራ በመጨረሻ ቁርጡን ነገረችው፤ እስከ እሑድ ሲዞር ካላየች ለቆራሌው ትሰጠዋለች።

ሐሙስ ዕለት መዝገቡ ማግኔቶቹን ቀጥ አድርጎ ከመደርደር ትንሽ አጋደላቸው፤ ብረቱን ሁሉም ባንዴ እንዳይጨብጡት። በለስላሳ ነፋስ ዞረ፣ አምፖሉም በራ። ዘመነች ገበያ ነበረች። ሮጦ ለእሷ በመንገር ፋንታ ለዕድራችን ሊቀመንበር ለአቶ ይመር ነገራቸው። እሳቸውም ሳይመረቅ መዞር እንደሌለበት አስረድተው የክብር እንግዳ ጠሩ፤ ክንፉን ከአጥሩ ጋር በሪባን አሰሩት፣ እንዳይበጠስም ሲባጎ ጨመሩበት። ለንፋስ ማሽን የሪባን ፍሬን በመሥራት የመጀመሪያዎቹ እኛ ሳንሆን አንቀርም።

እሑድ የተጠራነው ለአራት ሰዓት ነው። አምስት ሰዓት ላይ ንፋሱ መጣ፤ ክንፉ ሪባኑን ይጎትት ጀመር። መዝገቡ መቀሱን አነሳ።

«እንግዳው ሳይመጡ? ነውር ነው» አሉት አቶ ይመር።

መቀሱን ኪሱ ከተተው። ዘመነች በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

እንግዳው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሱ። ንፋሱ ሄዷል። ስለ ንፋስ ኃይል ረጅም ንግግር አድርገው ሪባኑን ከነሲባጎው ቆረጡ፤ ክንፉ ንቅንቅ አላለም። እሳቸው አጨበጨቡ፣ እኛም ምን ገዶን አጨበጨብን። ለመዝገቡ በፍሬም ያለ የምስክር ወረቀት ሰጥተውት ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ዘመነች ቃሏን አክብራ ቆራሌውን ጠራች። ሰውየው ምሰሶው ሥር ጆንያውን ሲያራግፍ ትንሽ ነፋስ መጣ፤ ክንፉ ዞረ፣ አምፖሉ በጠራራ ፀሐይ በራ። ዘመነች ብዙ ቆማ አየችው። ደስ እንዳላት ፊቷ ላይ ያስታውቃል፤ እንደከፋትም።

«ትናንት መቀሱ እጅህ ላይ ነበር» አለችው። «ለእኔ ብለህ አትቆርጠውም ነበር?»

እሷም ቆራሌው ባዶ እጁን እንዳይመለስ የምስክር ወረቀቱን ከነፍሬሙ ሰጠችው።