ኦና ያየ አስጎብኚ

የዘንገና ሐይቅ አስጎብኚውን አድማሴን ያካባቢው ሰው «ለፍላፊው» ይለዋል፤ እሱም አይከፋውም። ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ለእንግዳ ሁሉ ሐይቁ ወለል የለውም ይላል፤ በምን አወቅክ ሲሉት «ጠልቆ የተመለሰ ካለ ይንገረኝ» ብሎ ያልፋል። ክፉ ሰው ግን አይደለም።

በ2007 ዓ.ም. የሐይቁ አስጎብኚዎች ማኅበር የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ አሰበ። ሐይቁ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ከእማማ ወርቅአየሁ ደጅ ነው። እንጅባራ ከተማ ቤት ተሠርቶላቸው ይነሡ ተባለ፤ እሳቸው እምቢ አሉ። እኛ ዘንድ አሮጊት በግድ ከቤቷ አትነሣም፤ ሽማግሌ ይላክባታል። ማኅበሩም ምላሱን አይቶ አድማሴን ላከ። እሺ ካሰኛቸው የማረፊያው ኃላፊ እሱ ሊሆን ነው። ደጋግሞ ሄዶ በአማርኛም በአገውኛም ለመናቸው።

ያን ሰሞን አንዲት ስኮትላንዳዊት ሐይቁን ልትጎበኝ መጣች፤ ያስጎበኛትም አድማሴ ነበር። ከዛፍ ሥር አረፍ ብለው የአገሯን ፎቶ በስልኳ ታሳየው ጀመር፤ ከባሕር ዳር ከተማ አብሯት የመጣው ፀጋው ያስተረጉማል። ከባሕሩ ጥግ የቆመ የጥንት ግንብ፣ ደሴት ላይ የተሠራ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አሳየችው፤ አድማሴ ተደነቀ። ቀጥሎ ጣሪያ የሌላቸው የድንጋይ ቤቶች መጡ። ውስጣቸው ሣር በቅሏል፤ በጎች ይግጣሉ። አድማሴ ባርኔጣውን አውልቆ ብድግ አለና «እግዜር ያጽናሽ» አላት። ዘመዶቿ ያለቁባት መስሎት ነው። እኛ አገር ኦና ቤት አይጎበኝም፤ ይለቀስበታል እንጂ።

ፀጋው ሳቀ። «ኧረ የሚጎበኝ ቦታ ነው! ሰው ከየአገሩ እየመጣ ያየዋል።»

«ባለቤቶቹስ?»

ሴትዮዋ አልሳቀችም። የመሬቱ ጌቶች በግ ሊያረቡበት ብለው ሰዎቹን እንዳስወጧቸው፣ ብዙዎቹም ባሕር ተሻግረው እንደቀሩ ነገረችው። የራሷም ቅድመ አያት እዚያ ነበር የተወለደችው። «እስከ ዛሬ እግዜር ያጽናሽ ያለኝ ሰው አልነበረም» አለች።

አድማሴ በማግስቱ እማማ ወርቅአየሁ ዘንድ ሄዶ ያየውን ሁሉ ነገራቸው።

«እህ፣ ሄዱ አልክ?» አሉ። «የሞቱትንሳ ማን ቀበራቸው?»

«እኔ እንጃ፣ እማማ።»

«እንጅባራስ እኔን ማን ያውቀኛል?»

አድማሴ አፈረ፤ በራሱም ተናደደ።

እሑድ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ ምህረቴ «እህሳ አድማሴ፣ እሺ አሉህ?» ሲል ጠየቀው።

«አላሉኝም። ከእንግዲህም አልጠይቃቸውም።»

«ተልከህ እኮ ነው! ኃላፊነቱንስ ልትተወው ነው?»

«ለሚሄደው ስጡት። ግን ስትልኩት ንገሩት፤ የሞቱ ዕለት ሬሳቸውን ሊሸከም እንጅባራ የሚወርደው እሱ ነው።»

ምህረቴ ዙሪያውን አየ። የተቀመጠው ሁሉ የእማማ ወርቅአየሁ ጎረቤት ነው።

«እሺ፣ ማን ይሂድ?» አለ።

እሄዳለሁ ያለ ሰው አልነበረም።