ጉሮሮው ላይ አጥንት አልነበረም

ሣራ በሞርሲቶ ከተማ ሳይንስ ስታስተምር አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን የኖረችው ያለ ባሏ ያለ አበራ ነው። ምን ሆኖ እንደሞተ ሲጠይቋት "ታሞ" ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም።

ነገሩ የጀመረው ውሻቸው ቦቢ ምግብ እምቢ ያለ ዕለት ነው። አይጮህም፣ ሰው አያባርርም፤ እንሰቱ ሥር ተኝቶ፣ አገጩን ጥሎ ለሃጩን ያዝረበርባል።

"አጥንት ተሰንቅሮበት ነው" አለ አበራ። እጁን አፉ ውስጥ ከቶ ቢፈልግ ምንም አጣ። ሲያወጣ የውሻው ጥርስ አውራ ጣቱን ጫር አደረገው። ጣቱን በሱሪው ጠርጎ ወደ እርሻው ሄደ። ቦቢ በሦስተኛው ቀን ሞተ። "መርዝ በልቶ ይሆናል" ያለችው ሣራ ራሷ ነበረች።

ሁለት ወር አለፈ። ጭረቱ ድኖ ቦታው እንኳ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ አበራ ጣቴን ይነዝረኛል ማለት ጀመረ። በማግስቱ ውሃ ስትሰጠው ጉሮሮው ተኮማተረና ብርጭቆውን ከእጇ መትቶ ጣለው። ሆሳዕና ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሐኪሙ፣ "ውሻ ነክሶት ያውቃል?" ሲል ጠየቀ።

"ኧረ በጭራሽ" አለች። መጫር መነከስ አልመሰላትም።

አበራ በአራተኛው ቀን አረፈ። ሣራ ኋላ የጭረቱን ነገር ስትነግረው ሐኪሙ፣ "ብትነግሪኝም አናድነውም ነበር፣ እህቴ። ክትባቱ የሚሠራው ምልክቱ ሳይታይ ነው" አላት። ገብቷታል። ሆኖም "ኧረ በጭራሽ" የሚለው የገዛ ድምፅዋ ክፍል ውስጥ፣ ገበያ መሐል፣ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ስትዘምር ይመጣባታል።

ባለፈው ሰኔ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጎረቤቷ እትዬ አባይነሽ በአጥሩ በኩል ተጣሩ።

"ቲቸር! እስኪ ነይልኝ፣ ቡቺ አጥንት ተሰንቅሮበት…"

ሣራ ሮጣ ስትደርስ ሴትዮዋ ተንበርክከው እጃቸውን የውሻው አፍ ውስጥ ከተዋል። አገጩ ተንጠልጥሏል። ሊጮህ ሲሞክር የወጣው ድምፅ ሻካራ ነበር፤ የእሱ አይመስልም።

"እጅዎን ያውጡ! አጥንት አይደለም!"

"ምነው ልጄ፣ አልነከሰኝም እኮ። ትንሽ ጫር ነው ያደረገኝ።"

ሣራ ቧንቧው ጋ ጎትታ ወሰደቻቸው። ሰዓቷን እያየች አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ እጃቸውን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አጠበች። ውሻውን ማንም እንዳይነካው ግቢውን አስዘግታ ለእንስሳት ሐኪሙ ደወለች፤ ከዚያ እትዬን በሚኒባስ ይዛ ሆሳዕና ሄደች። እዚያም ማንም ሳይጠይቃት፣ "ጥርሱ ጭሯቸዋል፤ ለሃጩም ቁስሉን ነክቶታል" አለች። ክትባቱ የዚያኑ ዕለት ተጀመረ።

ቡቺ በሁለተኛው ቀን ሞተ። ለምርመራ የተላከው ናሙና የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑን አረጋገጠ።

እትዬ አንድም ቀጠሮ ሳያጓድሉ ጨረሱ። የመጨረሻውን መርፌ ተወግተው ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ቀስ ብለው፣ "አበራንም የወሰደው ይኸው ነው?" አሏት።

"አዎ፣ እትዬ" አለች። ከሐኪሙ ሌላ ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

አሁን የውሻ ክትባት በመጣ ቁጥር ሣራ በየበሩ እያንኳኳች ጎረቤቱን ከነውሻው ታስወጣለች። እትዬም ደህና ናቸው። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት አጥሩ ጋ ቆማ፣ የሴትዮዋን ድምፅ ሳትሰማ አትንቀሳቀስም።